የሚረርለስ ካሜራና የነባሮቹ ፉክክር፦ በባሕር ዳር ስቱዲዮዬ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስቱዲዮዬ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ነው። በሠርግ ወራት ሙሽሮች ይመጣሉ፣ በቀረው ጊዜ ጉርድ ፎቶ ፈላጊዎች። ሦስተኛው ዓይነት እንግዳ ግን ገንዘብ አይከፍልም፤ ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ወጣት ነው። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ይልና ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አይነሳም። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሶቼን እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። ካሜራዎቹ የወጡባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚረርለስ ማለት ምን ማለት ነው?

መስታወት የሌለው ማለት ነው። የለመድነው ዲኤስኤልአር በሌንሱና በሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል በሚያደርገው ክፍል) መካከል በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስታወቱ ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ባለው ብርጭቆ ተገላብጦ ዓይናችሁ ዘንድ ይደርሳል። ቁልፉን ስትጫኑ መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ከሴንሰሩ ፊት ያለው መዝጊያ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፣ መስታወቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ አብዛኛው ከዚሁ መስታወት የሚመጣ ነው።

ሚረርለስ ይህን ሁሉ አውጥቶ ጥሎታል። ሴንሰሩ ሁልጊዜ እያየ ነው፤ ያየውን በጀርባው ስክሪን ወይም በማያው (ዓይናችሁን በምታስጠጉበት ቀዳዳ) ውስጥ ባለች ትንሽ ስክሪን ያሳያችኋል። ጥቅሙ ምን እንደሆነ የገባኝ ክብራን ገብርኤል ደሴት ላይ ነው። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ፎቶ ለማምጣት ሥራ ተቀብያለሁ። ካሜራውን ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼ ጀልባው አጠገብ ቀረሁ። ወንድሜ ፎቶ አንሺ አይደለም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ዲኤስኤልአር ሰጥቼው ግማሹን አጨልሞ፣ ግማሹን አንጥቶ መጥቶ ነበር። በሚረርለሱ ግን ከመጫኑ በፊት ምስሉ ሲጨልምና ሲደምቅ በዓይኑ ያያል፤ አንዲትዋን ጎማ እያዞረ ደህና እስኪመስለው ድረስ ማስተካከል ብቻ ነው። ይዞልኝ የመጣውን ሳይ ትንሽ ቅናት ቢጤ ተሰምቶኛል።

ነባሮቹ እነማን ናቸው? አዲሶቹስ?

በእኛ ከተማ ነባር ሲባል ካኖንና ኒኮን ነው። ኒኮን የተመሠረተው በ1917፣ ካኖን በ1937 ነው። አዲስ የሚባሉት በዚህ ሜዳ አዲስ ይሁኑ እንጂ በዕድሜ ልጆች አይደሉም፤ ኦሊምፐስ በ1919 የተመሠረተ ስለሆነ ካኖንን በ18 ዓመት ይበልጠዋል። ፉጂፊልምም ከ1934 ጀምሮ ፊልም ሲሸጥልን የኖረ ነው።

መስታወቱን አውጥተው የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰዱት ፓናሶኒክና ኦሊምፐስ ናቸው። በ2008 አዲስ የሌንስ ሥርዓት በጋራ አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት ፓናሶኒክ ሉሚክስ ጂ1ን አወጣ፣ በተከታዩ ዓመት ኦሊምፐስ ተከተለው። ሁለቱም በዲኤስኤልአር ገበያ ካኖንንና ኒኮንን ሊደርሱባቸው አልቻሉም ነበር። በአንድ ሜዳ የተሸነፈ ሰው ሌላ ሜዳ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ሶኒ የመጣበት መንገድ ሌላ ነው። በ2006 ኮኒካ ሚኖልታ ከካሜራ ሥራ ሲወጣ ሶኒ ያንን ንብረትና ሙያ ተረከበ፤ በ2010 ደግሞ ኔክስ የተባሉትን ትንንሽ ሚረርለሶች አወጣ። ሳምሰንግም በዚያው ዓመት ገባ። ፉጂፊልም በ2012 ኤክስ ፕሮ 1ን ይዞ መጣ።

ካኖንና ኒኮን ይህን ያህል አቅም እያላቸው ለምን ዘገዩ?

ይህ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ኒኮን የሌንስ መግጠሚያውን ያወጣው በ1959 ነው፤ ካኖን ደግሞ ኢኤፍ የተባለውን በ1987። ከዚያ ወዲህ የተሸጠው ሌንስ ተቆጥሮ አያልቅም። እኔ ካሜራ የኪራይ ቤት ነው፣ ሌንስ ግን ርስት ነው እላለሁ። ካሜራ በአራት በአምስት ዓመት ይቀየራል፤ ሌንስ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። የሁለቱ ኩባንያዎች ኃይል በዚህ ርስት ላይ የተመሠረተ ነበር። መስታወቱን ማውጣት ደግሞ መግጠሚያውን መቀየር ያስከትላል። መስታወቱ ለመነሳት ቦታ ስለሚፈልግ ከመግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት በኒኮን 46.5 ሚሊ ሜትር፣ በካኖን 44 ሚሊ ሜትር ነበር። መስታወቱ ሲወጣ ርቀቱ ወደ 16 እና ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሌንሱን ወደ ሴንሰሩ ማስጠጋት ለሌንስ ሠሪው ትልቅ ነፃነት ነው፤ ለደንበኛው ግን «ርስትህን ትተህ ውጣ» የሚል መልእክት አለው። ደንበኛ አንዴ ከርስቱ ከተነሳ ደግሞ ወደ ጎረቤት ላለመሄዱ ማን ዋስ ይሆናል?

ስለዚህ ሁለቱም ግማሽ እግራቸውን ብቻ አስገቡ። ኒኮን በ2011 «ኒኮን 1» የተባለውን አወጣ፤ ሴንሰሩ በጣም ትንሽ ስለነበር የራሱን ዲኤስኤልአሮች ሊነካ አይችልም። ካኖን በ2012 ኢኦኤስ ኤምን አወጣ፤ ፎከስ ለማድረግ ዝግተኛ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም እነዚህን ካሜራዎች የሠሯቸው ብዙ እንዳይወደዱ እየተጠነቀቁ ነው። ጎተራው የሞላ ገበሬ አዲስ ዘር የሚሞክረው በእርሻው ጥግ ላይ ነው።

ኮዳክ የከፋው ምሳሌ ነው። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 የሠራው የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነበር። ኩባንያው ኑሮው በፊልም ሽያጭ ላይ ስለነበር ነገሩን ገፋ አላደረገውም፤ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ግን ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ሌላውንም ወገን ልናገር። የመጀመሪያዎቹ ሚረርለሶች የሚያስቀና ነገር አልነበራቸውም። በማያው ውስጥ ያለችው ስክሪን ትንተባተብ ነበር፣ ባትሪው ለምሳ ሰዓት አይደርስም፣ የሚሮጥ ሰው ላይ ፎከስ አይጠብቁም። በ2012 ዲኤስኤልአሬን ጥለሽ ይህን ያዢ ብትሉኝ እስቅባችሁ ነበር። እነ ኒኮን የተሳሳቱት ያኔ በነበረው ካሜራ ላይ አይደለም፤ ካሜራው በምን ፍጥነት እንደሚሻሻል በመገመት ላይ ነው።

በዚያ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሥር እየተሸረሸሩ ነበር። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር አባላት በ2010 ወደ ገበያ የላኩት ዲጂታል ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ሆነ። መሐል ላይ ስልኩ አለ።

ታዲያ ነገሩ የተገለበጠው መቼ ነው?

ሶኒ በ2013 ኤ7ን ባወጣ ጊዜ። ኤ7 ፉል ፍሬም ነው፣ ማለትም ሴንሰሩ እንደ ድሮው ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ ከነባትሪው 474 ግራም ነበር፤ የካኖን ዲኤስኤልአር 5ዲ ማርክ 3 ደግሞ 950 ግራም ይመዝናል። በ2017 ኤ9 መጣ፤ በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል፣ እያነሳም ማያው አይጨልምም። የስፖርት ፎቶ አንሺዎች ፊታቸውን ያዞሩት ያኔ ነው። ወደ ሠርግ ሥራ የገባው ግን የ2018ቱ ኤ7 ሦስተኛው ዓይነት ነው።

እኔ ያየሁት በሌላ ፎቶ አንሺ እጅ ነው። በአንድ ጥር ሠርግ ላይ አብረን ስንሠራ፣ ሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ለብሳ ትመጣለች፤ የእኔ ካሜራ ዓይነ ርግቡ ላይ ፎከስ ያደርጋል፣ የእሱ ዓይኗን ይዞ አይለቅም። ወደ ቤት ስመለስ ለባለቤቴ «ጊዜዬ አልፎበታል» አልኩት። እሱ ስለ ዕድሜዬ የተናገርኩ መስሎት ሊያጽናናኝ ሞከረ።

በ2018 ነሐሴ ኒኮን ዚ6ንና ዚ7ን፣ በመስከረም ካኖን ኢኦኤስ አርን አስታወቁ። ሦስቱም አንድ የሜሞሪ ካርድ ብቻ የሚይዙ ነበሩ። ሠርግ አይደገምም፤ ካርዱ ከተበላሸ ሙሽሮችን እንደገና ተጋቡልኝ አይባልም። ሁለቱ ኩባንያዎች ይህን አረሙ፤ በ2020 የካኖን አር5 እና አር6 ባለ ሁለት ካርድ ሆነው መጡ፣ ኒኮን ደግሞ በ2021 ባወጣው ዚ9 ሜካኒካል መዝጊያውን ጭምር አስወገደው። በ2020 ወደ ገበያ የተላኩት ሚረርለሶች ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከዲኤስኤልአር በለጠ።

በመጨረሻ ማን አሸነፈ?

ሌንስ በሚቀያየርላቸው ካሜራዎች ካኖን ከ2003 ጀምሮ በዓለም ቀዳሚ ሆኖ እንደቆየ ራሱ በየዓመቱ ያስታውቃል። ሶኒ ከጎኑ ቆሟል። መንገዱን የጠረጉት ሁሉ ግን ከድግሱ አልበሉም። ሳምሰንግ ትቶ ወጣ፤ ኦሊምፐስ የካሜራ ክፍሉን ሸጦ ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ በሌላ ኩባንያ ሥር ይሠራል። ሶኒም ቢሆን ከሚኖልታ የወረሰውን የሌንስ ሥርዓት ትቶታል፤ ያንን የገዙ ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ማሰብ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሶኒ ሴንሰር ለሌሎችም ይሸጣል፣ ከገዢዎቹ አንዱ ኒኮን ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «ኒኮን ይሻላል፣ ሶኒ ይሻላል» እያሉ ስቱዲዮዬ ውስጥ ሲጣሉ ቡናዬን እየጠጣሁ ዝም እላለሁ።

አሮጌ ሌንሶቼን ልሽጣቸው?

አትቸኩሉ። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በካኖኑ አዳፕተር (አሮጌውን ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ ጋር በሚያገናኘው ቀለበት) በኩል በአር ካሜራዎች ላይ ከነፎከሳቸው ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ከድሮው ካሜራ ይልቅ በዚህኛው ላይ ይፈጥናሉ። ምክንያቱም አዳፕተሩ ውስጡ ባዶ ነው፤ መስታወቱ የለቀቀውን ቦታ ብቻ ይሞላል።

ኒኮን ላይ ጠንቀቅ በሉ። በእኛ ከተማ በየቦርሳው የሚገኘው ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ዲ ሌንስ የራሱ ሞተር የለውም፤ ፎከስ የሚያዞርለት ሞተር ካሜራው ውስጥ ነበር። ኤፍቲዚ የተባለው የኒኮን አዳፕተር ያ ሞተር ስለሌለው ሌንሱ ይገጥማል፣ ያነሳል፣ ፎከሱን ግን በእጃችሁ ታዞራላችሁ። ለጉርድ ፎቶ ይበቃል፤ እስክስታ ለሚወርድ ሚዜ አይበቃም።

ደላላ ርካሽ ሚረርለስ አመጣልኝ፤ ልግዛ?

ስሙን ንገሩኝና ልንገራችሁ። ኢኦኤስ ኤም፣ ኒኮን 1 ወይም ሳምሰንግ ከሆነ ተዉት። ሦስቱም ቀርተዋል። በተለይ ኢኦኤስ ኤም ብዙ ሰው ያታልላል፤ «ካኖን ነው፣ በኋላ ወደ አር አሳድገዋለሁ» ብሎ የገዛ ተማሪ እዚሁ ተቀምጦ አልቅሷል ማለት ይቻላል። የኤም ሌንሶች ከሴንሰሩ 18 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ እንዲቀመጡ የተሠሩ ናቸው፤ አር ደግሞ 20 ነው። አዳፕተር ለማስገባት ቦታ ይቅርና ሁለት ሚሊ ሜትር ጎደሎ ነው። ስለዚህ የኤም ሌንስ አር ላይ አይሠራም።

በጥቅም ላይ የዋለ ካሜራ ስትገዙ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ አስቆጥሩ። የካኖን 5ዲ ማርክ 3 መዝጊያ ለ150,000፣ የኒኮን ዲ850 ለ200,000 ፎቶ እንዲበቃ ታስቦ የተሠራ ነው። ሚረርለስ ከሆነ ሌላም ነገር እዩ፦ የብርሃን መግቢያውን አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሡና ፎቶውን አሳድጋችሁ በቀለም የተሰመረ ቀጭን መስመር ወይም የማይጠፋ ነጥብ ፈልጉ። የሠርግ አዳራሽ ሌዘር መብራት ሴንሰር ያቃጥላል። ዲኤስኤልአርም ቪዲዮ ሲቀርጽ ሊቃጠል ይችላል፤ ሚረርለስ ግን ዓይኑን ሳይጨፍን የሚውል ስለሆነ አደጋው ይበዛል። የተቃጠለ ሴንሰር አይታከምም።

ባትሪው እንዴት ነው? እኛ ዘንድ መብራት ይጠፋል።

ጢስ ዓባይ ማመንጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቅርባችን ሆኖ መብራት የሚጠፋበትን ምክንያት እዚህ አላነሳም።

ዲኤስኤልአር ስታዩበት ብቻ ባትሪ አይበላም ማለት ይቻላል፤ የምታዩት በብርጭቆና በመስታወት ነውና። ሚረርለስ ግን ሙሽራዋ ከመኪና እስክትወርድ ስትጠብቁም ይበላል። በተመሳሳይ መለኪያ ኒኮን ዲ850 በአንድ ባትሪ 1,840 ፎቶ፣ ዚ6 310 ፎቶ ያነሳሉ ተብሎ ተመዝግቧል። በተግባር ከመለኪያው በላይ ይገኛል፤ በተለይ በተከታታይ ስታነሱ። እኔ ለአንድ ሠርግ አራት ባትሪ እይዛለሁ፤ ከመኪናና ከፓወር ባንክ የሚሞላ ቻርጀርም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ዘጌ ለማደር ከሄድኩ ስድስት ባትሪ።

ገዳማት ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ማንሳት ይቻላል?

ይቻላል፤ ነባሩን ካሜራ ለመተው ካበቁኝ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈኑትን ሥዕላት ሳነሳ፣ በድሮው ካሜራ እያንዳንዷ «ቀጭ» ከግድግዳ ግድግዳ ትጋጭ ነበር። አንድ መምሬ ሦስተኛዋ ላይ ዳዊታቸውን አጥፈው «ልጄ፣ ይህ ነገርሽ ይተኩሳል እንዴ?» ብለውኛል። አሁን ሚረርለሱ ያለ ድምፅ ያነሳል፤ መምሬም ያነሳሁ ስለማይመስላቸው «ኧረ ጀምሪ» ይሉኛል። ፍላሽ ግን ዛሬም አይፈቀድም፤ ፈቃድ መጠየቅም አይቀርም፤ ዝምተኛ ካሜራ የድብቅ ማንሻ አይደለም።

ሁለት ጉድለት አለው። አብዛኞቹ ሚረርለሶች ያለ ድምፅ ሲያነሱ ሴንሰሩን የሚያነቡት ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ነው። ንባቡ እስኪያልቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ይጣመማል። እስክስታ ላይ ሞክሩት፤ የተጨፋሪው ትከሻ ከደረቱ ተለይቶ የተቀመጠ ይመስላል። እንደ ኤ9 እና ዚ9 ያሉት ውድ ካሜራዎች ንባባቸው ፈጣን ስለሆነ ይህ አያስቸግራቸውም። ሁለተኛው የመብራት ነገር ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሠራ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን ፎቶውን በጥቁር መስመር ያሸበርቀዋል። የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ላይ ብታደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ለቪዲዮስ የትኛው ይሻላል?

ሚረርለስ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። በዲኤስኤልአር ቪዲዮ የጀመሩት ግን ነባሮቹ ናቸው። በ2008 ኒኮን ዲ90፣ ከዚያም ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ወጡ፤ ሁለተኛው በስንት የሠርግ ቤት እንጀራ እንዳበላ እኔ ምስክር ነኝ። ዕድሉ በእጃቸው ነበር። ዲኤስኤልአር ቪዲዮ ሲቀርጽ መስታወቱን አንሥቶ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ከሚረርለስ በምን ይለያል? ያንን እያዩ ነገሩን አለማስተዋላቸው ዛሬም ይገርመኛል።

«ቪዲዮው 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ለምን ይቆማል?» የሚለኝም ብዙ ነው። ነገሩ የቀረጥ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ትንፋሽ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽን ካሜራ በቪዲዮ ካሜራ መደብ ይቀርጠው ስለነበር፣ አምራቾቹ ከዚያ በፊት እንዲቆም አደረጉት። ሥርዓተ ተክሊል በቅዳሴ ሲፈጸም ስንት ሰዓት እንደሚወስድ የምታውቁት ነው። የባሕር ዳር ሙሽራ ቃል ኪዳን በአውሮፓ ጉምሩክ ምክንያት ሲቆረጥ አስቡት። ካሜራው መቆሙን ሳላይ ቀርቼ አንድ ጊዜ ዋናውን ጸሎት አጥቻለሁ፤ የሙሽራዋ እናት ዛሬም ሲያገኙኝ ያነሱብኛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡ ብዙ ሚረርለሶች ይህ ገደብ የላቸውም። የሙቀቱን ነገር ግን ጠይቁ፤ የካኖን አር5 በ2020 ሲወጣ በ8ኬ (እጅግ ጥራት ባለው ቪዲዮ) እየቀረጸ ሞቆ መቆሙ ብዙ አነጋግሯል።

ሚረርለስ ቀላል ነው ይባላል። እውነት ነው?

ካሜራው አዎ። ሌንሱ አይደለም። የካኖን የዲኤስኤልአር ባለ 24-70 ሚሊ ሜትር 2.8 ሌንስ ሁለተኛው ዓይነት 805 ግራም ነው፤ የሚረርለሱ 900 ግራም። ትከሻችሁን ለማዳን ብላችሁ ከሆነ ትንንሽ ሌንሶች ግዙ።

የትኛው ኩባንያ ርካሽ ሌንስ ይገኝለታል?

ሶኒ። በ2011 የመግጠሚያውን መሠረታዊ ዝርዝር ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች ያለ ክፍያ ከፈተ። ታምሮንና ሲግማ ገቡበት፣ የቻይናዎቹ እነ ቪልትሮክስ ተከተሉ። ካኖን ደግሞ የአር ሌንሱን በር ዘግቶ ቆይቷል፤ በ2022 ቪልትሮክስ የአር ሌንሶቹን ከገበያ አነሳ፤ ሲግማና ታምሮን ለአነስተኛ ሴንሰር ካሜራዎቹ ፈቃድ አግኝተው ያስታወቁት በ2024 ነው። ነባሩ አጥሩን አጠረ፣ አዲሱ በሩን ከፈተ። ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ አንድ አዲስ ሌንስ የምታስቡት ቀርቶ የምታልሙት ሆኗል።

በጣና ዳር እርጥበትና አቧራ የትኛው ይጸናል?

ዲኤስኤልአር፣ በትንሹ። ሌንስ ስትቀይሩ ሴንሰሩ ከመስታወቱና ከመዝጊያው ጀርባ ተሸሽጓል። በብዙ ሚረርለሶች ግን ራቁቱን ነው፤ በበጋ በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ሌንስ የቀየረ ሰው ማታ የሚያየው ሰማይ በነጠብጣብ የተሞላ ነው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ኢኦኤስ አር፣ ሲጠፉ መዝጊያውን ይዘጋሉ፤ ስለዚህ አጥፍታችሁ፣ አፉን ወደ መሬት አዙራችሁ ቀይሩ። በክረምት ሌንስ ይሻግታል። ከፏፏቴው እንደተመለሳችሁ ቦርሳ ውስጥ አትዝጉበት፤ አናፍሱት፤ ከጫማ ካርቶን የምናገኛትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ።

ዲኤስኤልአር ሞቷል ማለት ነው?

አዲስ መሠራቱ ሊቆም ምንም አልቀረውም። የካኖንና የኒኮን ትልልቆቹ የመጨረሻ ሞዴሎች የወጡት በ2020 ነው፤ ከነባሮቹ መካከል በይፋ «እኔ አልተውም» ያለው ፔንታክስ ነው። ያለው ግን ይሠራል። በነባሮቹና በአዲሶቹ ፉክክር ለባሕር ዳር ወጣት የደረሰው ትሩፋት፣ ሀብታሙ ፎቶ አንሺ የጣለው ሌንስ ነው ብዬ አምናለሁ። ድሮ ደጅ የምንጠናባቸው፣ ሩቁን የሚያቀርቡት 70-200 ሌንሶች ዛሬ ከአዲሶቹ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ። ለመጀመሪያ ካሜራ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ደህና ዲኤስኤልአርና አንድ ጥሩ ኢኤፍ ሌንስ ግዙ፤ ካሜራውን በኋላ ስትቀይሩ ሌንሱ በአዳፕተር አብሯችሁ ይሻገራል።

አንቺ በየትኛው ትሠሪያለሽ?

ሠርግና ገዳም በሚረርለስ። ጠዋት ጣና ዳር ወርጄ፣ የደንገል ታንኳ ከጉም ሲወጣ ወይም ይብራዎቹ ሲነሡ የማነሳው ግን በአሮጌው ዲኤስኤልአር ነው። ስክሪን ያሳየኝን ሳይሆን ውኃው ላይ ያለውን ብርሃን ማየት እወዳለሁ። ለዚህ ቴክኒካዊ ምክንያት አትጠይቁኝ።

ካሜራሽን ታከራያለሽ?

ዲኤስኤልአሩን፣ በመታወቂያና በቀብድ፣ አዎ። ሚረርለሱን አላከራይም፤ ለሠርግ የሌዘር መብራት ያለበት አዳራሽ ደግሞ አሮጌውንም ቢሆን አልሰጥም። አዳፕተሩን የወሰዳችሁት ሰው፣ ማን እንደሆናችሁ አውቃለሁና እስከ ቅዳሜ መልሱልኝ።